አንቺ እና እርስዎ

ሰፈሩ ሁሉ እታለም ነው የሚላት። በዕድሜ የሚበልጧትም፣ ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉትም፣ አንዴ ብቻ ፀጉሯን ልትታጠብ የገባች መንገደኛ ሳትቀር «እታለም፣ ደህና ዋይ» ብላ ነው የምትወጣው። አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር ሁለት ወንበርና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ያለው ፀጉር ቤት አላት። እጇ ቀላል ነው። የቱንም ያህል የተቋጠረ ፀጉር ሳታስለቅስ ትፈታዋለች። ወሬም እንደዚያው ነው፤ የመጣችው ሴት ሳታስበው ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አራግፋ ትሄዳለች።

ባሏ የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ሰው የጻፈውን ከመታተሙ በፊት እያነበበ ስህተት ይለቅማል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «እሱ ባለፈበት ገጽ ላይ ስህተት ያገኘ መጀመሪያ ዓይኑን ይመርመር» ይሉታል። ቤትም ውስጥ ያው ነበር። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳይቀር እርሳስ አንስቶ ያርማል። እታለም በዚህ ስትስቅበት ነው የኖረችው።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ እሷም አግብታ ሌላ ከተማ ገባች። ቤቱ ጭር ያለው ያኔ ነው። ለካ እስከዚያ ድረስ የሚነጋገሩት በልጅቷ በኩል ኖሯል። «አባትሽን ምግብ ቀርቧል በይው።» «እናትሽ ቁልፉን የት አደረገችው?» ልጅቷ ስትሄድ ወሬውንም ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ። «በሩን ቆልፈሻል?» ይላል። «ቆልፌያለሁ» ትላለች። ይተኛሉ። አልተጣሉም። ቢጣሉማ የሚባባሉት ነገር ይኖራቸው ነበር።

ከፀጉር ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ላቲን የምታስተምረው ሴት የእታለም ደንበኛ ናት። ባሏ ከሞተባት የቆየች፣ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሽበቷን ቀለም አልቀባም ብላ እንደ ነጭ ጥብጣብ ከግንባሯ ወደ ኋላ ትለቀዋለች። ከእታለም ጋር አንቺ ለአንቺ ከተባባሉ ቆይተዋል። አንድ ቀን ጭንቅላቷን ገንዳው ላይ አጋድማ ሳለ እታለም የቤቷን ጭርታ ነገረቻት።

«ለምን አትማሪም?» አለቻት መምህርቷ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ምን ልማር?»

«ላቲን።»

«እንዴ! በላቲን ማን ያናግረኛል?»

«ማንም። ጥሩነቱ እሱ ነው። ብትሳሳቺ የሚቀየምሽ ሰው የለም፤ ሁሉም ሞተዋል።» ሁለቱም ሳቁ። «የእውነቴን ነው። በዚህ መንፈቅ የምናነበው የጥንት የፍቅር ግጥም ነው። እሁድ ጠዋት ነው፣ ሥራ አያስፈታሽም። ባልሽንም ይዘሽው ነይ።»

እታለም ሐሳቡ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ለባሏ ስትነግረው ግን ፊቱን አጨፈገገ።

«ስድስት ቀን ፊደል ሳሳድድ ከርሜ በሰባተኛውም ፊደል?»

«እኔስ ስድስት ቀን ፀጉር ነው የማሳድደው። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ አብረን የሆነ ነገር እናሳድድ።»

ይህን ስትለው ቀና ብሎ አያት። ልመናዋ ገብቶታል። «እሺ» አለ፣ ሌላ ነገር ሳይጨምር።

የሰማችው ታላቅ እህቷ በሳቅ ፈረሰች። ይህች እህቷ ቀን ቀን ፀጉር ቤቱ ውስጥ ካስኩ አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ከደንበኛው ይልቅ እሷ ናት የምታወራው። «አንቺ ልጅ፣ ሃምሳ ያለፈው ወንድ ግጥም መማር ከጀመረ ነገ ፀጉሩንም ቀለም መቀባቱ አይቀርም» አለች።

«ቢቀባም የምቀባው እኔ ነኝ» አለች እታለም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ሰባት ስምንት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ፣ ጥግ ላይ ክዳኑ የማይገጥም ሣጥን። መስኮቱ ወደ ኋላ ግቢ ያያል፤ የሰው ልብስ የተሰጣበት ገመድ ይታያል። ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ጡረታ የወጡ አንድ የጥርስ ሐኪም አሉ፤ ሚስታቸው ከቤት ውጡልኝ ስላሏቸው ነው የመጡት። ሕግ የምታጠና አንዲት ምላሷ ስል የሆነ ልጅ አለች። ሌሎች ሁለት ሦስት የሚመጡና የሚቀሩ ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን መምህርቷ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጽፋ አነበበችው። «አሞ።»

«ምኑን?» አሉ የጥርስ ሐኪሙ።

ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷም ሳቀች። «በላቲን አሞ ማለት እወዳለሁ ማለት ነው ዶክተር።»

«እኔ ዘንድ የመጣ ሰው ሁሉ አሞኝ ነበር የሚለኝ። ለካ ሲወደኝ ኖሯል!»

አራሚው እንኳ ሳቀ። እታለም ባሏ እንዲህ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው። ወደ እሱ ዞር ብላ አየችው። ደግ አደረግሁ፣ እንኳን አመጣሁት፣ አለች በልቧ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት በትዳሯ ውስጥ ካሳለፈቻቸው ሁሉ ጥሩዎቹ ነበሩ።

አራሚው ለላቲን የተፈጠረ ይመስል ነበር። የቃል ጫፍ ሲለወጥ ትርጉሙ የሚለወጥበት ቋንቋ ነውና፣ አንድ ፊደል የማያመልጠው ሰው ገነቱን አገኘ። እታለም ደግሞ ዘገምተኛ ናት፤ የቃሉን ጫፍ ትረሳለች፣ ነገሩን ግን ከሁሉም ቀድማ ትጨብጣለች። «ይሄ ሰውዬ ቀንቷል» ትላለች ግሱን ሳታገኝ። መምህርቷም «ቀንቷል፤ አሁን የት ቦታ ላይ እንደቀና አሳዪኝ» ትላታለች። ማዕድ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የቤት ሥራ ይሠሩ ጀመር። እሱ መዝገበ ቃላቱን ይገልጣል፣ እሷ ትገምታለች፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሾርባው ገንፍሎ ምድጃውን ያጠፋባቸው ጊዜ አለ።

ባሏ ተለወጠ። የላይኛውን የሸሚዝ ቁልፍ መፍታት ጀመረ። መነጽሩን ቀየረ። ጢሙን ሲላጭ ያፏጫል። ማተሚያ ቤት የዋለውን ሳትጠይቀው ይነግራታል። አንድ ቀን ከአውቶቡስ ወርደው መንገድ ሲሻገሩ እጇን ያዘ፤ ተሻግረውም አልለቀቀውም። እታለም በማግስቱ ለእህቷ ነገረቻት፤ እንደ ልጃገረድ አፏን በእጇ ከልላ።

«በዚህ ዕድሜሽ?» አለች እህቷ ሹራቧን አስቀምጣ።

«በዚህ ዕድሜዬ!»

እሁድ እሁድ ትምህርቱ ሲያበቃ እሱ የሚጠይቀው ነገር አያጣም። «አንቺ ቀድመሽ ውረጂ፣ አንድ ነገር ላጣራ» ይላታል። እሷም ወርዳ ፀጉር ቤቱን ከፍታ ፎጣ ታጥባለች፤ ሲመጣ አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። አንድም ቀን አልከፋትም። ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ይጠይቅ እንጂ። በዚያ ላይ ከዚያ ክፍል ሲወርድ ፊቱ በርቶ ነው የሚወርደው፤ የበራውን ፊት ደግሞ ይዞ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። ሰው የሞቀ ቤት ሲገባ እሳቱን ማን እንዳቀጣጠለው አይጠይቅም።

መንፈቁ ሊያልቅ ሲል መምህርቷ አንድ አጭር ግጥም ሰጠቻቸው። «የማን እንደሆነ አይታወቅም» አለች። «በዚህኛው ጥንድ ሆኖ መሥራት የለም። እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ወደ አማርኛ መልሳችሁ ኑ። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን አምጡልኝ።»

ግጥሙ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው የሚወዳት ሴት በምትኖርበት መንገድ ላይ ይመላለሳል። በዚያ መንገድ ምንም ጉዳይ የለውም። እግሩ ጉዳይ እየፈጠረለት ነው የሚሄደው፤ ዛሬ ዘይት ሊገዛ፣ ነገ ወዳጅ ሊጠይቅ። መስኮቷ ክፍት ከሆነ ቀኑ ይነጋለታል፤ ዝግ ከሆነ ቀኑ እንዳልነጋ ቆጥሮ ይመለሳል። ስሟን አይጠራም፤ ስሟን ከጠራ ሌላው ቃል ሁሉ ይጠፋበታልና።

እታለም ሳምንቱን ሙሉ በደንበኛና በደንበኛ መካከል ግጥሙ ላይ ወደቀች። ካስኩ ሥር የምትቀመጠውን ሴት ሁሉ «ቀኑ ነጋልኝ ይሻላል ወይስ ቀኔ ነጋ?» እያለች ጠየቀች። መምህርቷ ሰውየውን አምጡልኝ ብላ የለ? እታለም ሰውየውን ሴት አደረገችው። ባሏ ከሥራ ሲመለስ የሚያልፍበትን መንገድ አሰበች፤ ብረታ ብረት መሸጫውን፣ ጠባቧን መታጠፊያ። አንተ እያለች ጻፈችው። አንተ የሌለህበት መንገድ፣ አንተ የምታልፍበት ሰዓት። ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ ልታነብለት ነበር። ይህን ስታስብ ብቻዋን ፊቷ ይሞቃል።

እሁድ ደረሰ። መጀመሪያ የጥርስ ሐኪሙ አነበቡ፤ የሳቸው አፍቃሪ ከፍቅር ይልቅ መንገዱ መበላሸቱ ያሳሰበው ይመስል ነበር። ሁሉም ሳቀ። ቀጥሎ አራሚው ተነሣ። ሰው ተቀምጦ ነው የሚያነበው፤ እሱ ግን ቆመ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«በዚህ መንገድ ጉዳይ የለኝም» ብሎ ጀመረ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «እግሬ ነው ጉዳይ የሚፈጥርልኝ። እርስዎ በዚህ መንገድ ስለሚኖሩ፣ ከተማው ሁሉ ወደዚህ መንገድ ይወርዳል። መስኮትዎ ሲከፈት ያን ጊዜ ይነጋል። ስምዎን አልጠራም፤ ስምዎን የጠራሁ እንደሆነ…»

ሕግ የምታጠናዋ ልጅ ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ ይቅርታ፣ ግን ይሄ ለፍቅረኛ ነው ወይስ የሥራ ማመልከቻ? ማነው ፍቅረኛውን እርስዎ የሚላት?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሐኪሙ ጠረጴዛውን መቱ። አራሚው ወረቀቱን ተመለከተ። ያየውን ያመነ አይመስልም። ደሙ ከአንገቱ ተነሥቶ እስከ ጆሮው ወጣ።

«ስህተት አይደለም» አለች መምህርቷ። ድምጿ ከወትሮው ፈጠን ያለ ነበር። «በላቲን አንቺም፣ አንተም፣ እርስዎም አንድ ቃል ነው። ቱ ይላሉ፣ አለቀ። የሚያስመርጠን አማርኛው ነው።» ይህን ብላ ወደ ሰሌዳው ዞረችና ማጥፊያውን አንሥታ መጥረግ ጀመረች። ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር።

እታለም አልሳቀችም። ባሏ ፊደል አይስትም። ሃያ ምናምን ዓመት አብራው ስትኖር አንቺ የሚባለውን እርስዎ፣ እርስዎ የሚባለውን አንቺ ብሎ አያውቅም። ሰው የሚወዳትን ሴት በልቡ ሲያናግራት በለመደው አጠራር ነው የሚያናግራት። እሷን በሕይወቱ አንድም ቀን እርስዎ ብሏት አያውቅም። እርስዎ የሚላት ሴት ያንን ባዶ ሰሌዳ እየጠረገች ነበር።

ልብ ሲሰበር ድምፅ የለውም። እታለም የሰማችው የሐኪሙን ሳልና ወንበር ሲሳብ ብቻ ነው።

«እታለም፣ አንቺስ?» አለች መምህርቷ ዞር ሳትል።

«አልጨረስኩትም» አለች። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ቤት ሲሄዱ እሱ ከኋላዋ ግማሽ እርምጃ ወረድ ብሎ ነበር የሚራመደው። ማዕድ ቤት ገብተው እሷ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱ ቆሞ ቀረ።

«ተሳሳትኩ» አለ።

«አንተ አትሳሳትም። እንጀራህ እኮ አለመሳሳት ነው።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ነክተሃታል?»

«ኧረ ምን ነካሽ! ጫፏን!» ድንጋጤው የእውነት ነበር። «ምንም አላደረግኩም። እምልልሻለሁ፣ ምንም።»

«አውቃለሁ» አለች። የምታውቀው ነገር ነው የጎዳት። አድርጎ ቢሆን ትጮህ ነበር፣ ሳህን ትወረውር ነበር፣ ይቅር ብትልም ይቅር የምትለው ነገር ይኖራት ነበር። «መቼ ነው የጀመረህ?»

ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሊዋሻት አልሞከረም፤ በዚህ በኩል ምንጊዜም ቅን ሰው ነው። «አላውቅም። ቀስ እያለ። መጀመሪያ ትምህርቱ መሰለኝ የሚያስደስተኝ። በኋላ ሳየው ቅዳሜ ማታ መተኛት አቃተኝ።»

«መንገድ ስንሻገር እጄን የያዝከው ያን ጊዜ ነው?»

ምን እንደምትጠይቀው ገባው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አንቺንም ደስ እንዲልሽ ፈልጌ ነበር» አለ ከእጆቹ ውስጥ። «ደስ ብሎኝ ስለነበር ሁሉም ሰው ደስ እንዲለው ነበር የምፈልገው።»

እታለም ተነሣችና ወደ መኝታ ቤት ገባች። ከሁሉም የከፋባት ይህች መልስ ናት። እነዚያ ወራት፣ ያፏጨው ፉጨት፣ የተያዘው እጅ፣ የገነፈለው ሾርባ፣ ሁሉም ትራፊ ነበር። እሷም ትራፊውን ይዛ ጠግቤያለሁ ስትል ከርማለች።

ከዚያ እሁድ በኋላ ሁለቱም ወደ ክፍሉ አልወጡም። በሳምንቱ መሐል ግን መምህርቷ ራሷ ወደ ፀጉር ቤቱ ወረደች። ቀጠሮ አልነበራትም። የእታለም እህት ምንም ስለማታውቅ «ነይ ነይ፣ ዛሬ ሰው የለም» ብላ ተቀበለቻትና ክር ልትገዛ ወጣች።

እታለም ወደ ገንዳው አመለከተቻት። መምህርቷ ተቀምጣ ጭንቅላቷን አጋደመች። ውሃው ወረደ።

«ሞቀሽ?»

«ደህና ነው።»

እታለም ሳሙናውን አፈሰሰች። እጇ ሥራውን ያውቃል፤ ባትልከውም ይሄዳል። «ታውቂ ነበር?» አለቻት።

መምህርቷ ዓይኗን አልገለጠችም። «አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መልሱን የሚያውቀውን ጥያቄ ይጠይቀኝ ከጀመረ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ባልሽ ሰዋስው ይጠይቀኛል ብዬ?» ጭንቅላቷን ገንዳው ላይ አደላደለች። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በይኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቃል አልወጣኝም፤ አንድ እርምጃም አልሄድኩ። ግን ባሌ ከሞተ ወዲህ የሚያየኝ ሰው አልነበረም። እሁድ እሁድ ቀሚስ መምረጥ ጀምሬ ነበር። አንቺ ከጎኑ ተቀምጠሽ እየሳቅሽልኝ እኔ ቀሚስ እመርጥ ነበር። ራሴን የታዘብኩት ያን ቀን ነው፣ ባዶ ሰሌዳ ስጠርግ።»

የእታለም ጣቶች ቆሙ። ልትጠላት ፈለገች። የመምህርቷ ጭንቅላት በእጆቿ መሐል ነው፣ አንገቷ ገንዳው ላይ እንደ ሕፃን አንገት ተለቋል። ጥላቻው ግን አልመጣላትም። የመጣላት ሌላ ነገር ነው፤ ይህችም ሴት እንደ እሷ ከትራፊ ደስታ ስትቃመስ መክረሟ።

«ልሄድ ነው» አለች መምህርቷ። «ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። ቀድሞም ሲጠሩኝ ነበር፣ እምቢ እያልኩ። ሳልነግርሽ መሄድ አልፈለግኩም።»

«ለእሱስ?»

«ለእሱ የምነግረው ነገር የለኝም።»

እታለም ሳሙናውን እስኪጠራ አጠበችላት። በፎጣ ጠቀለለችላት። «ቀና በይ» አለቻት። ነጩን የፀጉር ጥብጣብ እንደ ወትሮው ከግንባሯ ወደ ኋላ አስተካክላ አደረቀችላት። ከመቼውም ያማረ ሥራ ነበር። በሩ ላይ መምህርቷ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። እታለም ፎጣውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች፤ እጆቿ ተይዘው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለባሏ ነገረችው። ዳቦ እየቆረጠ ነበር። «መምህርቷ ልትሄድ ነው። ሌላ ከተማ።»

«ጥሩ» አለ። ቢላዋውን አስቀመጠ፤ «ጥሩ ነው፣ ለሁላችንም» አለና ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ። የቧንቧው ውሃ ሲፈስ ተሰማ። ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ አልቆመም። እታለም በሩን ገፋ ስታደርገው ባሏ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ፎጣ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

እንዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። እናቱ ስትሞት እንኳ ሬሳ ሸኝቶ ሲመለስ ወረቀቱ ላይ ነው ያጎነበሰው። አሁን ያዘነው ለማንም የማይነግረው ኀዘን ነው። ለወንድሙ አይነግር፣ ለባልደረባው አይነግር። በዓለም ላይ ይህን ኀዘኑን የምታውቅለት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ሚስቱ ናት። እታለም አጠገቡ ቆመች። እጇ ሳታዘው ሄዶ ጭንቅላቱ ላይ አረፈ።

«አይዞህ» አለችው።

ሆዷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ለሌላ ሴት የሚያለቅሰውን ባሏን አቅፋ፣ ፀጉሩን እያሻሸች፣ «አይዞህ፣ ያልፋል» አለችው። ያለችውም ከልቧ ነበር። ውሃውን ዘጋች። ልብሷ ላይ የእንባው እርጥበት ሲሰማት ግን አንድ ነገር ውስጧ በቃኝ አለ። እጇን ከራሱ ላይ አነሣች።

ምሳ ሰዓት ላይ ረጋ ብላ ነገረችው። «ወንድምህ ዘንድ ሂድ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«እኔ እንጃ። እዚህ ተቀምጠህ እኔ ላስተዛዝንህ አልችልም። ዛሬ ችያለሁ፤ ነገ አልችልም።»

አልተከራከራትም። አንድ ሻንጣ ልብስና ዓይኑ የለመደውን የጠረጴዛ መብራት ይዞ ሄደ። መዝገበ ቃላቱን ጥሎት ነው የሄደው።

እህቷ ስትሰማ ጉድ አለች። «እና ምን አደረገ?»

«ምንም።»

«ሰካራም ነው? መታሽ? ውጭ አደረ?»

«ነገርኩሽ እኮ። ምንም።»

«ታዲያ ምንም ያላደረገ ሰው ይባረራል? አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ! የእኔ ባል ስንት ጉድ ሠርቶ አፈር እስኪቀምስ አብሬው ኖርኩ!»

እታለም ፎጣዎቹን አጣጥፋ ደረደረች። ልጃቸውም ከሄደችበት ደውላ «እማዬ፣ ምን በድሎሽ ነው?» ብላ ስትጨቀጭቃት፣ «ምንም አልበደለኝም ልጄ፣ ዕረፍት ፈልጌ ነው» ብላ ዘጋችው። የተበደለ ሰው የሚያለቅስለት ያገኛል። ያልተበደለ የተሰበረ ሰው ግን ለማን ይናገራል? ሥራዋን ሠራች። ፀጉር ፈታች፣ አጠበች፣ ጠቀለለች። ሴቶቹ እንደ ወትሮው ሆዳቸውን አራገፉላት።

ክረምቱ አልፎ ዝናቡ ሲያባራ፣ አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ልትሄድ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ባሏ ከመንገዱ ማዶ ተሻግሮ መጣ። ከስቷል። አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ሌላው ጫፍ ላይ አንዲት የገበያ ከረጢት የያዘች ሴት ተቀምጣለች።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አውራ ጎዳናውን ተመለከተ። «አልፎልኛል» አለ። «የእውነት። አድራሻዋን እንኳ አልፈለግኩም። ቤቴን ነው የምፈልገው። ልመለስ?»

እታለም ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር የከረመችው። እሺ ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ማታ ማታ የደረጃው ኮቴ ሁሉ የእሱ እየመሰላት ስንቴ ከወንበሯ ተነሥታለች።

«ስትመለስ ማነው የሚመለሰው?» አለችው።

«እኔ ነኛ።»

«የድሮው ነህ። በሩን ቆልፈሻል የሚለኝ። ከእሱ ጋር መኖር እችል ነበር እኮ። ሌላ አላውቅም ነበርና ኖሬያለሁ፤ ቅርም አላለኝም። አሁን ግን አየሁህ። እጄን ስትይዝ አየሁህ፣ ስታፏጭ አየሁህ፣ ግጥም ስታነብ ድምፅህ ሲቀጥን አየሁህ። እንደዚያ መሆን ትችላለህ ለካ። እኔ ያንን ሰው ነው የምፈልገው። ያ ሰው ደግሞ ለእኔ አልመጣም።»

ባሏ የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ ሰው ነው፤ ከተናገረችው ውስጥ የሚታረም አንድ ቃል አላገኘም።

«እሞክራለሁ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ፣ ትሞክራለህ» አለችው። «ሲሞከርልኝ ማየት አልችልም።»

አውቶቡሱ መጣ። የእሱ ነበር። ከአግዳሚው ተነሣ። እንደ ድሮው ትከሻዋን መታ አደረጋት፣ አውቶቡሱ ላይ ወጣና በመስኮቱ በኩል ቆሞ ያያት ነበር። እጇን አላወዛወዘችም። አውቶቡሱ ጭሱን ለቆ ሄደ።

የእሷም አውቶቡስ መጥቶ አለፈ። አልተነሣችም።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ያለችው ሴት ከረጢቷን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ቀረበቻት። «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለቻት።

«ደህና ነኝ» አለች እታለም፤ ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስሟን በማታውቃት ሴት ፊት፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሴትየዋ ምንም አልጠየቀቻትም። አውቶቡሷን አሳልፋ አጠገቧ ተቀመጠች።